ሳይበሳ የከረመ ጀልባ

ባለፈው ክረምት ሳሪስ አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ዝናብ ተጠልዬ ቆሜ ነበር። ውስጥ አንድ ወጣት የተነፈሰ የጎማ ካላማዳሪ በሞረድ እየፋቀ ማስቲሽ ይቀባል። የተፋቀው ላስቲክና የእርጥብ ጭቃ ሽታ አንድ ላይ ሲመጣብኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወጣቱ ያመመኝ መስሎት ውሃ ያምጣልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። አላመመኝም። በልጅነቴ በአንድ ክረምት አያቴ ከወንዙ ወደ ቤት ሲገቡ የሚሸቱት እንዲሁ ነበር፤ ላስቲክና ጭቃ። ከሽታው ጋር ድካማቸውም አብሮ መጣብኝ።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ አቃቂ ውስጥ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ በየዓመቱ የሚጨመርበት ጊዜ። ቤታችን ከወንዙ ወዲህ ተዳፋቱ ላይ ነበር። ከወንዙ ማዶ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አለ። ፋብሪካው የቆመበት መሬት ድሮ የአያቴ የጤፍ ማሳ ነበር። ሰዎች መጥተው ለኩ፣ ሌላ ቀን ወረቀት ይዘው መጥተው የአያቴን አውራ ጣት ቀለም አስነከሩ፣ በዓመቱ ማሳው በሽቦ ታጠረ። ወረቀቱ ምን እንደሚል ያነበበላቸው ሰው አልነበረም። አያቴ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም። "ይቺ ጣት ናት ያደረገችው" ይሉና ቀኝ አውራ ጣታቸውን የሌላ ሰው እንደሆነ ያህል ያዩታል። እኔ ጣቱ አጥፍቶ ገና ይቅርታ ያላገኘ ይመስለኝ ነበር። እጄን ሲይዙኝ እሱን ላለመንካት እጠነቀቃለሁ።

እናቴ ጫልቱ የአያቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። አባቴ እኔ በእግሬ ሳልሄድ ስለሞተ ሦስት ሆነን ነበር የምንኖረው። እናቴ ፋብሪካው ውስጥ ፈትል ክፍል ትሠራለች፤ አባቷ ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ ቀኑን ሙሉ ቆማ የተበጠሰ ክር ትቀጥላለች። ስትመለስ ፀጉሯና ቅንድቧ ላይ የጥጥ ብናኝ ተቀምጦ ነጭ ይሆናል። ፋብሪካ ማለት ሰውን በየቀኑ የሚያስረጅ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ልጅነቱን የሚመልስ ቦታ ይመስለኝ ነበር። ወንዙም የፋብሪካውን ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ አንዱን ቀን ሰማያዊ፣ አንዱን ቀን ቢጫ። ቀይ የሚሆንበት ቀን ማሽን ሰው የቆረጠበት ቀን ነው ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ጠዋት ተነስቼ መጀመሪያ የማየው ውሃውን ነው።

ሰኔ ሲያልቅ ጎርፍ የእግረኛውን የእንጨት ድልድይ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው ጋ ለመድረስ በትልቁ መንገድ ድልድይ መዞር ግድ ሆነ። ከቤታችን ደጃፍ የሚታየው በር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ሆነ፤ ያውም በጭቃ። እናቴ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ መሽቶ ትገባለች። አንድ ቀን እራት ላይ ጉርሻዋን እንደያዘች አንቀላፋች። አያቴ ጉርሻውን ከጣቶቿ ቀስ ብለው አውጥተው ወደ ትሪው መለሱት፤ ከዚያ እግሯን አዩ። አብጦ የጫማው ጠርዝ ዙሪያውን ሰርጉዶ ታትሞበታል። በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው ወደ አጥቢያ ዳኛው ቤት ወጡ።

ከተማ ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ውሃ የሚለካበት ትርፍ ጀልባ እንዳለው፣ ለክረምቱ በውሰት ሊሰጥ እንደሚችል ሲወራ ሰንብቶ ነበር። የጠፋው በራሱ ስም የሚረከብ ሰው ነው። አያቴ ለሁለተኛ ጊዜ በሕይወታቸው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።

ጀልባ ሲባል የጠበቅኩት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንደተሳለው የኖኅ መርከብ መስኮትና ጣሪያ ያለው ነገር ነበር። ከጭነት መኪናው የወረደው ግን ከብት የሚጠጣበት ገንዳ የሚመስል፣ ግራጫ የተቀባ ስስ ላሜራ ሆነ። መቀመጫ የለው፣ መያዣ የለው፣ ገመድ የሚታሰርበት ነገር የለው። ከገንዳ የሚለየው ጠርዙ ትንሽ ወደ ውጭ መታጠፉ ብቻ ነበር።

አያቴ የተሰጣቸውን የወረቀት ግልባጭ ከካፖርታቸው አውጥተው ሰጡኝ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ በቤታችን የማነበው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጀልባው በተሰጠበት ሁኔታ እንደሚመለስ ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ አካሉ ላይ አንዳች ቀዳዳ ቢገኝ ፈራሚው ይጠየቃል። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። በዚያ ሳምንት በየቀኑ አስነበቡኝ፤ አንዳንዴም ሌላ ሰዓት ላይ ሲነበብ ሌላ ነገር ይል እንደሆነ ለማየት ይመስል ድንገት ይጠሩኛል።

"ይጠየቃል" የሚለውን እኔ የማውቀው ከትምህርት ቤት ነው። መምህሩ ይጠይቃል፣ ያላጠና ይንበረከካል። አያቴ ተንበርክከው ታዩኝና አዘንኩ። ስለዚህ አስጠናቸው ጀመር። ጀልባው ስንት ቀዳዳ አለው ቢሉዎት ምንም ይበሉ፤ ምን ቀለም ነው ቢሉዎት ግራጫ ይበሉ። አያቴ ከልባቸው እየሰሙ ይመልሱልኛል። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የሳቀች መስሎኝ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከወዲህ ካለው ዋርካ ማዶ እስካለው ባሕር ዛፍ ድረስ ወፍራም የቃጫ ገመድ ተወጠረ። ጀልባው ላይ የብረት ቀለበት ይታሰርና ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል፤ አያቴ ጀልባው ውስጥ ቆመው ገመዱን በእጃቸው እየሳቡ ያሻግራሉ። ቀለበቱ ከለቀቀ ጀልባውን ውሃው ይወስደዋል። እንግዲህ ያ ቀለበት ከስስ ላሜራ ጋር በምን ይያያዝ?

ጎረቤታችን ታደለ የፋብሪካው ጋራዥ ሠራተኛ ነው። እሑድ ቀን በእጅ የሚዞር ትራፓኖውን በጆንያ ጠቅልሎ መጣና ሁለት ቀዳዳ በስቶ በሁለት ብሎን እንደሚጨርሰው፣ ሲመለስም በሬንጅ ደፍኖ ቀለም እንደሚያስነካው፣ ማንም እንደማያየው ለአያቴ አስረዳቸው። በቀና ልብ ነው የተናገረው።

"ወረቀቱ ላይ ጣቴ አለ" አሉት አያቴ።

"ኦቦ ጉተማ፣ ቀዳዳ እኮ ነው፤ ሰው አልገደሉ።"

"ጣቴ አለበት አልኩህ።"

ታደለ ትራፓኖውን መልሶ ጠቀለለው።

አያቴ ገበሬ ናቸው። ሞፈርና ቀንበር ያለ ምስማር በጠፍር ሲያስሩ ነው የኖሩት። የበሬ ቆዳ ገዝተው በቀጭኑ ተለተሉት፣ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፉት፣ በጀልባው ሆድ ዙሪያ እየጠመጠሙ ቀለበቱን አሰሩበት። ሁለት ቀን ፀሐይ ሲመታው ጠፍሩ ከመክረሩ የተነሳ በጣት ሲነኩት ይጮህ ነበር። ደስ አላቸው። ውሃ ላይ ካረፈ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ግን ለስልሶ፣ ተለጥጦ፣ ከጀልባው ሥር እንደ አንጀት ተንጠለጠለ። ቆዳ በመሬት ላይ የሚያደርገውን በውሃ ላይ አያደርግም። አያቴ ጠፍሩን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። ስልሳ ዓመት የሚያውቁት ነገር ነው ያሳፈራቸው።

ቀጥሎ ሬንጅ አፈሉ። ቀለበት ያለው የእንጨት ጉማጅ በሬንጅ ላሜራው ላይ ለጠፉ። ጠዋት በብርዱ አለት ሆኖ ነበር፤ ከሰዓት ጀንበር ስትወጣ እኔ እያየሁት ጉማጁ እንደ ማር እየተሳበ ቁልቁል ወረደ። የካፖርታቸው እጀታ ላይ የነካው ሬንጅ ግን ክረምቱን ሙሉ አልለቀቀም።

በሦስተኛው ታደለ ራሱ መላ ይዞ መጣ። ፋብሪካው የጣለውን አሮጌ የማሽን ችንጋ፣ ማሽን የሚያዞር ሰፊ ቀበቶ፣ አመጣ። አያቴ ደግሞ ሁለት የወይራ እንጨት ጎድጎድ አድርገው ጠረቡ፤ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆኖ የታጠፈውን ጠርዝ እንደ ከንፈር ነከሱት። ብሎኑ የሚያልፈው ከጠርዙ በላይ በእንጨቶቹ ውስጥ ብቻ ነው፤ ላሜራውን አይነካም። ችንጋው በሆዱ ዙሪያ አልፎ እንጨቱን ወደ ታች ይይዘዋል። ቀለበቱ እንጨቱ ላይ ተሰካ። ያዘ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ፋብሪካው የሚሠሩት የሰፈራችን ሴቶች መሻገር ጀመሩ።

ለሦስት ሳምንት ያህል ቤታችን እፎይ አለ። እናቴ ጎህ ከቀደደ በኋላ ትነሳ ጀመር። አያቴ ግን እየመነመኑ ሄዱ። በየፈረቃው መውጫና መግቢያ ወንዙ ዳር ናቸው፤ ገመድ ሲስቡ ይውሉና እጃቸው ቤት ከገቡ በኋላም አይዘረጋም፤ ገመድ እንደጨበጠ ይቀራል። ማንኪያ የምሰካላቸው እኔ ነበርኩ። በመሃል ወረቀቱን ያስነብቡኛል። በየምሽቱ ጀልባውን ገልብጠው ላሜራውን በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ይዳስሱታል፤ ላም የሚያሹ ይመስሉ ነበር።

ነሐሴ ገብቶ ዝናቡ የበረታ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ውሃው ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊ ስለሆነ ምንም እንደማይደርስ እርግጠኛ ሆኜ ከተዳፋቱ ላይ አያለሁ። ሰባት ሴቶች ተሳፍረዋል፤ እናቴ ከፊት ናት። መሃል ላይ ሲደርሱ እንጨቱ ረጥቦና ሙልጭልጭ ብሎ ስለነበር በጠርዙ ላይ መንሸራተት ጀመረ። ከላሜራው አልተነቀለም፤ ተንሸራተተ ብቻ። ጀልባው ጎኑን ለውሃው ሰጠ፣ ዘመመ፣ ውሃ ቀዳ። አያቴ ጀልባው ውስጥ ወደቁ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነስታ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘችው፤ እግሯን የጀልባው ግድግዳ ላይ ደገፈች። በሰውነቷ ጀልባውንና ገመዱን አያይዛ ቆመች። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ ሲሄድ አየሁት። ታደለና ሌሎች ወንዶች ወንዙ ውስጥ እስከ ደረታቸው ገብተው እስኪስቧቸው ድረስ አልለቀቀችም።

ሁሉም ወጡ። የአንዷ ጫማና የሁሉም ምሳ ነው የሄደው። የእናቴ መዳፎች ግን ቆዳቸው ተገፎ ነበር። ከክሊኒክ ሁለቱም እጆቿ ተጠቅልለው መጣች፤ ፋብሪካው እስከ ወሩ መጨረሻ ቦታዋን እንደሚያቆይላት፣ ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ሰው እንደሚያስገባ ተነገራት። እራት አልበላ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ሳትጮህ፣ እንደ ደከመው ሰው ቀስ ብላ ተናገረች።

"አባዬ፣ ሁለት ቀዳዳ ነበር። ከእኔና ከላሜራው ላሜራው በለጠብዎት።"

አያቴ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ በረቱ ወጡ። ከብት ከሸጡ ቆይተዋል፤ በረቱ ግን አልፈረሰም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ናቸው ከሁሉ የሚከብዱኝ። እናቴ አባቷን አታናግርም። ለእኔ ትነግረኛለች፣ እኔ አደርሳለሁ። "ምሳ ቀርቧል በያቸው"፤ "በልቻለሁ በያት"። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ጀልባው ዋርካው ሥር ተገልብጦ ተቀመጠ። ሴቶቹ እንደገና በትልቁ ድልድይ መዞር ጀመሩ፤ በደጃችን ሲያልፉ አያቴ ከሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተነስተው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ አንዳንዶቹ ይመልሳሉ፣ አንዳንዶቹ አይመልሱም። እኔ መዳፏ ይድን እንደሆነ ለማወቅ ፋሻውን በየቀኑ እያነሳሁ አይ ነበር፤ ማየቴ የሚያዘገየው መስሎኝ ደግሞ እተወዋለሁ።

አንድ ከሰዓት ለመጪው ዓመት ትምህርት ቤት ተመዝግቤ ስመለስ፣ አያቴ ዋርካው ሥር ተንበርክከው አየኋቸው። የታደለን ትራፓኖ ተውሰዋል። ጫፉን ላሜራው ላይ አቁመው በደረታቸው ተደግፈውበታል። እጀታውን ሊያዞሩ ይሞክራሉ፤ ጣቶቻቸው አልታዘዝ ብለዋቸዋል። ትንሽ ዞረ፣ ተንሸራተተ፣ ግራጫው ቀለም ላይ የሚያበራ ጭረት ጥሎ አለፈ። መልሰው አቆሙት። ፊታቸው ላይ ያየሁት ሌላ ጊዜ አይቼባቸው የማላውቀው ነገር ነው። ሮጬ እናቴን ጠራሁ። ለምን እንደጠራኋት አላውቅም፤ ወረቀቱን በቃሌ ስለማውቀው ይሆናል።

እናቴ የተጠቀለሉ እጆቿን ደረቷ ላይ ይዛ ወረደች። ከጀርባቸው ቆማ ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው።

"ይተዉት" አለች።

አያቴ ቀና አላሉም። "ወረቀቱ የኔ ነው፤ እጁ ግን ያንቺ ነው" አሉ። "እበሳዋለሁ።"

"ይተዉት አልኩ። ብሎን ቢያስገቡበትም ላሜራው ስስ ነው፣ ይቀደዳል።" አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች። "እኛ ማሽን ላይ ክሩን የሚስበው ብረት ለብረት አይደለም። አንደኛው ላስቲክ ለብሷል። ላስቲኩ ሲያልቅ ክሩ ይንሸራተታል፣ ሲቀየር ይይዛል። እንጨቱና ላሜራው መሃል ላስቲክ ያስገቡበት።"

ይህን ያህል ቃል ለአባቷ ከተናገረች ሳምንት አልፎ ነበር። አያቴ ትራፓኖውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ላሜራውን ሳይሆን እሷን አዩ። ከዚያ ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉላት፤ የእሷ እጅ እንደተጠቀለለ ትዝ ሲላቸው መልሰው ሰበሰቡት። ክርኗን ሰጠቻቸው።

ታደለ ከጎሚስታ የተቀደደ የጭነት መኪና ካላማዳሪ አመጣ። እየቆረጡ፣ በሞረድ እያሻከሩ የእንጨቱን ጎድጓዳ አለበሱት፤ ችንጋው ላሜራውን በሚነካበት ሁሉ ሥሩ ላስቲክ አነጠፉ። ብሎኑ ሲጠብቅ ላስቲኩ ተጨምቆ ከዳር ወጣ። ታደለ በእግሩ እየረገጠ፣ በክብደቱ እየተንጠለጠለ ሞከረው። አልተነቃነቀም። እርጥብ ሲሆን እንዲያውም የባሰ ነከሰ። አያቴ ሁለት ቀን ድንጋይ ጭነው ብቻቸውን ሲመላለሱ ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ነው ሰው ያሳፈሩት። የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እናቴ ነበረች። እጇ ገና ፋሻ ላይ ነበር፤ ፋብሪካው ውስጥ ምን ልትሠራ እንደምትችል አላውቅም፤ ብቻ ወሩ ሳያልቅ ሄደች፣ ሳትባረር ቀረች። ከዚያ ወዲያ እስከ መስቀል ድረስ ቀለበቱ አንድ ጊዜም አላስደነገጠን።

ከመስቀል በኋላ ወንዙ ጎደለ፣ ድንጋዮቹ ራሳቸውን አወጡ። በሚቀጥለው እሑድ ከመሥሪያ ቤቱ ሦስት ሰዎች በጭነት መኪና መጡ። አያቴ ከዋዜማው ጀምሮ እንጨቱን፣ ችንጋውን፣ ላስቲኩን ፈተው ጀልባውን በአመድ አጥበው ገልብጠውት ነበር። አለቃቸው ከረባት ያሰረ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካ የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ዙሪያውን ዞረ። ጭረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፣ በጣቱ ነካው። ጭረት ነው ብሎ አለፈ። ካስጠናኋቸው ጥያቄዎች አንዱንም አልጠየቃቸውም። አያቴ ግን ግልባጩን አውጥተው ከጀርባው መረከቡን እንዲጽፍላቸው ለመኑት። ሰውየው ገርሞት የመኪናው ኮፈን ላይ አድርጎ ጻፈ፣ ፈረመ። አያቴ ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። ጀልባውን ያለ አንዳች ቀዳዳ በደህና ተረክበናል ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሁለተኛ አንብቢ አላሉኝም።

ሰዎቹ ጀልባውን መኪናው ላይ ሲጭኑት ለካ ከኋላ ተርፎ ይወጣል፤ እንዳይወድቅ በሰንሰለት መታሰር አለበት። ሰንሰለቱ የሚያልፍበት ቦታ የለውም። ጠርዙን ሞከሩ፣ ተንሸራተተባቸው። አንደኛው ከመኪናው ሥር የብረት መብሻና መዶሻ አወጣና ላሜራው ላይ አቆመ። አለቃው ጋቢና ውስጥ ገብቶ ሲጋራ ለኩሷል።

እናቴ ልትናገር አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። አያቴ በእጃቸው አቆሟት። ወደ ሰውየው ቀረብ አሉ።

"ልጄ፣ እዚያ ጋ ስስ ነው፣ ይቀደድብሃል" አሉት። "እዚህ፣ ከማጠፊያው ሥር፣ ላሜራው ድርብ ነው። እዚህ ብሳው።"

ሰውየው አመስግኖ መብሻውን አዛወረ። አንዴ መታ፣ ሁለቴ መታ። ፀሐይ በቀዳዳው ገብታ የጀልባው ሆድ ውስጥ ትንሽ ክብ ብርሃን ሠራች። ሌላውንም ጎን በሱ። ሰንሰለቱን አሳልፈው ቆለፉ። መኪናው ተዳፋቱን እያቃሰተ ወጥቶ እስኪሰወር ድረስ ሦስታችንም ቆመን አየነው። እናቴ የአያቴን ክንድ ያዘች። ወደ ቤት ስንወጣ ሁለት ጊዜ አረፉ፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያርፉ ወረቀቱ ካፖርታቸው ውስጥ መኖሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ።

በማግስቱ እናቴ ድንጋይ ከድንጋይ እየረገጠች ተሻግራ ሥራዋ ገባች። ከመውጣቷ በፊት የአያቴን ብርድ ልብስ እስከ ትከሻቸው ድረስ ሳበችላቸውና ይተኙ፣ ማንም እንዳይቀሰቅሳቸው አለችኝ። ከትምህርት ቤት ቀርቼ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። የፋብሪካው ፊሽካ ጠዋት ነፋ፣ ቀትር ላይ ነፋ። የጎረቤት ልጆች ሲጮሁ ዝም አሰኘኋቸው። አያቴ ጣቶቻቸው ተዘርግተው፣ እጃቸው ከአልጋው ጠርዝ ወጥቶ ተንጠልጥሎ፣ እስከ ማታው ፈረቃ ድረስ ተኙ።